ምስጉን መምህር ስንመርጥ

ጥር 6 ቀን 1960

ከሁለቱ የስፌት መኪናዎች የሠራችው ዛሬም አንዷ ብቻ። ሌላዋ ክር ትበላለች። ክፍል ሙሉ ልጅ በአንድ መኪና ተራ ሲጠብቅ ደወል ተደወለ። ይህም የባልትና ትምህርት ተብሎ...

ከእረፍት በኋላ ዳይሬክተሩ አቶ ተድላ አስጠሩኝ። ስለ ክር ሊጨቃጨቁ ነው ብዬ ገባሁ። አይደለም። ከትምህርት ቤታችን አንድ ምስጉን መምህር ይመረጥ ተብሏል። የምስክር ወረቀት፣ የልብስ ጨርቅ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ደመወዙን እየበላ አንድ ዓመት አዲስ አበባ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ መማር። መራጮቹ አራት ነን። እሳቸው፤ ከወላጆች ነጋዴው አቶ ፈድሉና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌው ኦቦ ሞረዳ፤ አራተኛዋ እኔ።

«ለምን እኔ?» አልኳቸው።

«አንዲት ሴት ብትኖርበት ያምራል፣ ወይዘሮ ምንትዋብ። ደግሞ ባልትና ስለሚያስተምሩ ከውድድሩ ውጭ ነዎት።»

እግዜር ይስጥልኝ። ለጌጥ መሆኔን ባይነግሩኝ ምን ነበረበት?

ጥር 9

መምህራኑ ሁሉ በአንድ ቀን ሰላምታ ተማሩ። ሦስት ዓመት አጠገቤ ሲያልፍ ግድግዳ ያየ የሚመስለው ሁሉ ዛሬ ጎንበስ ቀና። የማን ልጅ እንደሆንኩ፣ ወገቤን ያመኝ እንደነበር... ሁሉንም አስታወሱ።

ከሁሉ የባሰው ተረፋ ነው። የጂኦግራፊ መምህር ተብዬው። ሥራው ለልጆቹ ገጽ ሰጥቶ ቅዱ ማለት ነው። ከዚያ ወንበሩን በሩ ላይ አውጥቶ ፀሐይ ይሞቃል፣ ጥፍሩን ይቆርጣል። ካርታው ከተጠቀለለ ስንት ጊዜው! ሸረሪት ቤት ሠርታበታለች። ክፉ ሰው ግን አይደለም። ከማንም ተጣልቶ አያውቅም። ለመጣላትም እኮ ከወንበር መነሣት ያስፈልጋል።

ጥር 12

ቃና ዘገሊላ። ከታቦት ስንመለስ ተረፋ ጥላ ይዞልኝ ሄደ። ፀሐይ እንኳ አልነበረም።

ጥር 23

የክፍል ጉብኝት ተጀመረ። አራታችንም ከኋላ ተደርድረን ተቀመጥን። ለቅሶ የደረስን ነው የምንመስለው።

ተረፋ ክራባት አሥሯል። ካርታውም ከእስራቱ ተፈቷል። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ጥያቄ ጀመረ።

«የከፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ?»

አንድ ልጅ ብድግ አለ። «ቡና!»

ተረፋ ጎበዝ ብሎ አስቀመጠው። ሰምቶት እንደሆነ እንጃ። «ከከፋ የሚገኘው ዋና ምርትስ?»

«ዓባይ!»

«ከወንዞቻችን ትልቁ?»

«ጣና!»

መጀመሪያ አልገባኝም። ኋላ ነው የተገለጠልኝ። ለየልጁ አንዳንድ መልስ አስጠንቷል፤ በተቀመጡበት ተራ እየተነሡ እንዲሉት። «ጅማ» የምትለዋ ልጅ ታማ ቀርታለች። የተቀሩት እንዳጠኑት ተራቸውን ጠብቀው ተነሡ፤ መልሱ ሁሉ አንድ ጥያቄ ቀደመ። ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጠቀጠቅሁት። አቶ ተድላ ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። አቶ ፈድሉ እንቅልፍ ላይ ነበሩ፤ ሱቅ ሲያስቡ አድረው መሆን አለበት። ኦቦ ሞረዳ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ልጆቹ ደፋሮች ናቸው» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ዓባይ ከከፋ ተለቅሞ ይሸጣል ለማለት ድፍረት ይጠይቃል።

ጥር 25

ጉሉማ ጋ ገባን። ሒሳብ፣ ሰባተኛ ክፍል። ክራባት የለ ምን የለ። መግባታችንን ያየም አልመሰለኝ። ሰሌዳው ላይ ሦስት አራተኛና አንድ ሁለተኛ ደምሮ «አራት ስድስተኛ» ብሎ ጻፈ። ጻፈና ጠመኔውን አስቀምጦ ዝም። ልጆቹም ዝም። አቶ ፈድሉ ሊያርሙት ብድግ ሲሉ አቶ ተድላ ኮታቸውን ይዘው አስቀመጧቸው። ነጋዴ ናቸውና ሲጎድል አይችሉም።

ቀለሟ እጇን አወጣች። የኦቦ ሞረዳ ልጅ ናት።

«ጋሼ፣ ተሳስተዋል። ሦስት አራተኛ ብቻውን ከዚህ ይበልጣል። ሌላ ተጨምሮበት እንዴት ያንሳል?»

«እስቲ አስረጂኝ» አላትና እሷ ወንበር ላይ ሄዶ ቁጭ አለ። እሷ ሰሌዳው ጋ። እሱ እንደ ልጆቹ እጁን እያወጣ ይሟገታታል፤ ሊረታ ሲል ሌላ ልጅ ያስነሣባታል። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ አልገባው ቢል በኦሮምኛ አስረዳው። ክልክል ነው፤ በአማርኛ ብቻ ተብሏል። አቶ ተድላን ሳል ያዛቸው። ሳላቸውን የሰማ ግን የለም፤ ክፍሉ በሙሉ «እኔ! እኔ!» ይላል።

ሐረግወይን እዚያው ክፍል ናት። የሟች እኅቴ ልጅ፣ እኔ ጋ የምታድገው። ቤት ውስጥ ወጥ አማስዪ ሲሏት የምታንቀላፋዋ ልጅ ቆማ ስትከራከር አየኋት። ደስ አለኝ። እዚህ እንኳ ልጻፈው... በጣም ደስ አለኝ።

የካቲት 2

ስብሰባ። ጉሉማ እንዲሆን ሁላችንም ተስማማን። ክርክርም አልነበረ። ሻይ መጣ። ሻዩ ሳያልቅ አቶ ተድላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እሱ ከሄደ ለከርሞ ስምንተኛን ማን ሊይዝልን ነው?»

ሁሉም ብርጭቆውን አስቀመጠ። የትምህርት ቤታችን ኩራት የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፈተና ነው። ብዙ ልጅ የምናሳልፈው በሒሳብ ነው፤ ሒሳብ ማለት ደግሞ ጉሉማ ነው። የአቶ ፈድሉ ልጅ ለከርሞ ስምንተኛ ይገባል። ቀለሟም። ሐረግወይንም...

«እኔ በሱቄ» አሉ አቶ ፈድሉ፣ «ለደንበኛ የምመርቀው የማይሸጥልኝን ዕቃ ነው። የሚሸጠውን መርቄ ምን ልበላ?»

ሳቁ። የማይሸጠው ማን እንደሆነ ስም የጠራ የለም። ሁሉም ግን በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከተ። ተረፋ በሩ ላይ ፀሐይ ይሞቃል።

ጉድ እኮ ነው። ምስጉን መምህር እንምረጥ ብለን ተሰብስበን፣ የሚጣል ዕቃ ለይተን ተነሣን።

የካቲት 7

ጠዋት ስገባ ከጉቶ ጊዳና ከዲጋ በኩል የመጡ አባቶች ቢሮው ደጃፍ ተኮልኩለው አገኘሁ። በቅሎዎቻቸው አጥሩ ላይ ታስረዋል። ወሬውን ማን አደረሳቸው? አቶ ፈድሉ ሱቅ ነዋ! ጨው ሲገዙ ወሬ ይመረቅላቸዋል። አንድ ገንቦ ማርም ይዘዋል።

ኦቦ ጨመዳ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው የተናገሩት፣ በኦሮምኛ። አቶ ተድላ ስለማይሰሙ አስተርጓሚዋ እኔ። አባቴ ከሸዋ ቢመጣም እኔ ቋንቋውን እዚሁ ነቀምቴ ከጎረቤት ልጆች ጋር ጭቃ ሳቦካ ነው የለመድኩት።

«አካም ቡልተን፣ ነጋ ቡልተን?» ብለው ጀመሩ። ከብቱን፣ ዝናቡን፣ ቤተሰቡን ሁሉ ከጠያየቁ በኋላ ወደ ነገሩ ገቡ። «ባርሲሳ ኬኛን፣ መምህራችንን፣ ልትሸልሙት ነው አሉን። ምን በደልናችሁ? አትሸልሙብን። የምትታለብ ላም ቢወዷት ከበረት አያስወጧትም። ልጆቻችንን ለሰው ቁጥር የሚያበቃልን እሱ ነው። ክብሩን እኛ እንሰጠዋለን። ጋቢ እናለብሰዋለን፣ ጊደር እንሰጠዋለን።»

ተርጉሜ ስጨርስ የአቶ ተድላ ፊት በራ። «እንግዲህ የሕዝብ ድምፅ ነው» አሉ። የሕዝብ ድምፅ እንዲህ ሲጥማቸው አይቼ አላውቅም። ማሩን በገዛ እጃቸው ተሸክመው አስገቡ።

ጉሉማ የሚኖረው አንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ ነው። ጊደሯን አልጋው እግር ላይ ሊያስራት ይሆን?

የካቲት 9

ድምፅ ተሰጠ። «ተረፋ ይሁን የሚል?» አቶ ተድላ እጃቸውን አወጡ። አቶ ፈድሉ ተከተሉ። ኦቦ ሞረዳ አመነቱ፤ ኋላ ዓይናቸውን ጨፍነው አወጡ፣ እንደ ጸሎት።

እኔስ? ይኸው ስንት ቀን እዚህ ወረቀት ላይ ስቀልድባቸው ሰነበትኩ። ዛሬ ጎበዝ ብሆን አንድ ቃል መናገር ነበረብኝ። እኅቴ ስትሞት አደራ ያለችኝን አሰብኩ። ሐረግወይን ስምንተኛን በደህና ብታልፍ ነርስነት ትገባለች... ጉሉማ ከሌለ ማን ያሳልፋታል? ይህን ሳስብ እጄ ወጥቶ አገኘሁት።

ቃለ ጉባኤው ላይ «በሙሉ ድምፅ» ብዬ የጻፍኩት ራሴ ነኝ። ጽሕፈትዎ ያምራል አሉኝ።

የካቲት 13

ጉሉማ የስፌት ክፍሉ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

«እትዬ ምንትዋብ፣ እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ቢያልፈኝ ምንም አይደል። ለምን እንዳለፈኝ ግን ልወቅ። ምኔ ላይ ጎደልኩ?»

ምን ልበለው? ዐሥረኛን እንደጨረሰ አባቱ ሞቱ። ታናናሾቹን ለማሳደግ መምህርነት ገባ። ካስተማራቸው ልጆች ሁለቱ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ናቸው። ክረምት ሲመጡ ሻይ ይጋብዛቸውና መጽሐፋቸውን ይዋሳቸዋል። አሁን ታናናሾቹ ራሳቸውን ችለዋል። ተራዬ ደረሰ ብሎ ነበር። የሁሉም ሰው ግምት ስለነበረ ጫማ እንኳ አሠርቷል።

«ምንም አልጎደልክም» አልኩት። «ነገሩ እሱ ነው። ብትሄድ የሚተካህ የለም ተባለ።»

«ተረፋን የሚተካ ግን አለ?»

«እሱንማ ወንበሩም ይተካዋል።»

ሳቀ። «እንግዲያው ጥፋቴ ማስተማሬ ነው» አለ።

እንደ ቀልድ ነው የተናገረው። እኔም እንደ ቀልድ ሳቅሁ።

ሰኔ 15

የሽልማቱ በዓል። ድንኳን፣ ባንዲራ፣ ንግግር፣ ደግሞ ንግግር። የልብሱን ጨርቅ ያበረከቱት አቶ ፈድሉ ናቸው። አረንጓዴ ልበለው ቡኒ? ሱቃቸው መስኮት ላይ ተሰቅሎ ስንት ዓመት ፀሐይ የጠጣ ነው፤ መላው ነቀምቴ ያውቀዋል። ከማይሸጥ ሰው ጋር የማይሸጥ ጨርቅ ተገናኘ።

ተረፋ አለቀሰ። «የልፋቴን ዋጋ አገኘሁ» አለ። የሚገርመው ማመኑ ነው። ከልቡ አምኗል።

ጉሉማ ሽማግሌዎቹ ያለበሱትን ጋቢ ለብሶ ከኋላ ቆሟል። ጊደሯን ለኦቦ ጨመዳ በአደራ መልሷታል። ሰው ሁሉ ማጨብጨቡን ሲያቆም እሱ ብቻውን ቀጠለ። ሰዎች ዞረው እስኪያዩት ድረስ።

መስከረም 24 ቀን 1961

ትምህርት ተከፈተ። ተረፋ አዲስ አበባ ገባ። በቦታው ሰው አልመጣም። ልጆቹም ልዩነቱን አላዩትም።

ጥቅምት 15

ሐረግወይን ማታ «ጋሼ ጉሉማ ዛሬ ገጽ ሰጥቶን ቅዱ አለን» አለችኝ። አሞት ይሆናል አልኳት።

ጥቅምት 28

አላመመውም። በተረፋ ወንበር ላይ፣ በር ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ሲሞቅ በዓይኔ አየሁት። ጋቢውን ተከናንቧል። «እንዴት ዋልሽ እትዬ» አለኝ። ከወንበሩ ግን አልተነሣም። ድሮ ገና ከሩቅ ሲያየኝ ነበር የሚነሣው።

ኅዳር 19

ክር ልጠይቅ ቢሮ ገብቼ ሳለ አቶ ተድላ ጉሉማን አስጠርተው ተቆጡት። ጠረጴዛ ተመታ። የትምህርት ቤቱ ስም፣ የሕዝብ አደራ፣ የመንግሥት እንጀራ... አንድም አልቀረ። እሱ እጁን አጣምሮ አዳመጠ።

«ምን ነካህ? ንገረኝ!»

«ምንም አልነካኝም፣ ጋሼ። የማስተምረው ምስጉኑ መምህር እንዳስተማረው ነው። ጎብኝታችሁ፣ መዝናችሁ የመረጣችሁት እሱን አይደል?»

እኔ ሳቄን ይዤ ወጣሁ። ልክ ልካቸውን ነገራቸው። እሰይ!

ቤቴ ስደርስ ሐረግወይን ደብተሯን ዘርግታ ትገለብጣለች። ምን እንደምትጽፍ ጠየቅኋት። «እኔ እንጃ። ቅዱ ነው ያለን» አለች። ያ ሳቅ ከዚያ በኋላ አልመጣልኝም።

ጥር 20

የዘንድሮውን ምስጉን መምህር ምረጡ ተባለ። ያው አራታችን።

አቶ ተድላ ጉሉማን ራቅ ወዳለ ወረዳ ሊያዛውሩት አስበው ነበር። «ማዛወር ግን ጣጣ አለው» አሉ። «ይግባኝ ይላል፣ ሰው ይነሣብናል። መሸለም ይቀላል።» አቶ ፈድሉ የዚያው ጨርቅ ቁራጭ ተርፏቸዋል፤ ለአንድ ሱሪና ኮት ይበቃል አሉ። ኦቦ ሞረዳ ቀለሟ ቤት ውስጥ ሒሳብ መሥራት መተዋን ነገሩን። «ያማረውን ይስጡት፤ ምናልባት ይድናል» አሉ። ከአራታችን እንደ ሰው የተናገሩት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ተረፋ ሲመለስ ኢንስፔክተር ይሆናል የሚል ወሬም አለ። መጥቶ እንዴት እንደሚስተማር ሊያሳየን።

ጥር 27

ኦቦ ጨመዳና ጓደኞቻቸው እንደገና መጡ። ገንቦው ራሱ ነው፤ ማሩ የዘንድሮ ነው። «ሸልሙልን» አሉ ዘንድሮ። «ይህ ባርሲሳ ተበላሽቶብናል። ላሟም ነጥፋለች፤ ሂድ በሉልን።» እኔው ነኝ ያስተረጎምኩት።

«የሕዝብ ድምፅ ነው» አሉ አቶ ተድላ። ገንቦውን አነሡ።

የካቲት 4

በሙሉ ድምፅ። ሻይ እንኳ አልተጠጣም። አምና የነፈግነውን ነው የምንመልስለት እያልኩ እጄን አወጣሁ። ሰበብ መቼም አላጣም። ጽሕፈቴ ዘንድሮም ያምራል።

የካቲት 6

ጉሉማን መንገድ ላይ ያዝኩት።

«አገኘኸው» አልኩት። «አሁንስ ይበቃል። እስከ ፈተናው ልጆቹን አስተምርልኝ። ሐረግወይንም አለችበት።»

«አውቃለሁ እትዬ። ለዚሁ ብዬ ነው እኮ እንዲያ ያደረግሁት። ከነገ ጀምሮ እንደ ድሮው ነኝ።» እጄን ያዘ። «ቃሌ ነው።»

ትንሽ ቀለለኝ። ለካ ጨዋታ ነበር። አራታችንን እንደ ልጅ አጫወተን። የእጃችንን ነው ያገኘነው...

መጋቢት 11

ዛሬም በሩ ላይ ነው። «ፀሐይዋ ጥሩ ናት፤ ከነገ ወዲያ እጀምራለሁ» አለኝ።

ሚያዝያ 17

ትናንት ሐረግወይን «ጋሼ ጉሉማ ዛሬ ቆሞ አስተማረን» ስትለኝ ማመን አቃተኝ። በዓይኔ ልየው ብዬ በእረፍት ሰዓቴ ሄድኩ። በሩ ላይ ወንበር የለም። እሱ ሰሌዳው ጋ ቆሟል፣ ጠመኔ በእጁ። ልቤ ሞላ። ቃሉን ጠበቀ።

ሰሌዳው ላይ ግማሽን ለሩብ አካፍሎ «አንድ ስምንተኛ» ብሎ ጻፈ። እኔ እንኳ ስህተት መሆኑን አየሁት። ስንት ዓመት ጨርቅ ቆርጬ! ጻፈና ጠመኔውን አስቀመጠ። ዝም አለ። የአምናው ትዝ አለኝ። ይኸው መጣ፣ የድሮው ጉሉማ መጣ ብዬ በሩ ላይ ቆሜ ፈገግ አልኩ። የቀለሟን እጅ ጠበቅሁ።

ቀለሟ አቀርቅራ ትጽፋለች። ሁሉም አቀርቅሮ ይጽፋል። ቆየሁ። ማንም ቀና አላለም። ደወል ተደወለ።

ልጆቹ ሲወጡ ገባሁ። «አላወጡልህም» አልኩት እየሳቅሁ።

«ምኑን?»

«ስህተቱን። እንደ አምናው ሆን ብለህ የጻፍከውን።»

ሰሌዳውን አየ። እኔን አየ። እንደገና ሰሌዳውን። ሳቄ እዚያው ቆመ።

«ከግማሽ ሜትር ጨርቅ» አልኩት ቀስ ብዬ፣ «ሩብ ሩብ ሜትር ብቆርጥልህ ስንት ቁራጭ ይወጣዋል?»

«ሁለት» አለ። ሁለት ማለቱን የሰማው ገና ያኔ ይመስል ነበር። «አላየሁትም እትዬ። እውነቴን ነው፣ አላየሁትም።»

ወንበር ፈለገ። ተቀመጠ። «መጀመሪያ እያወቅሁ ነበር» አለ። «በየቀኑ ከባድ ነበር፤ ልጆቹን እያየሁ ዝም ማለት። ኋላ ቀለለኝ። ኋላ ጣመኝ። ቃል የገባሁልሽ ጊዜ የምችል መስሎኝ ነበር።»

ያቺ ምላሴ የት ሄደች? አቶ ተድላን፣ አቶ ፈድሉን፣ ተረፋን ስትገርፍ የከረመችው... አንድ ቃል አልወጣትም። እሱ ተነሥቶ ሰሌዳውን ጠረገ። ለመስከረም ያ ያሠራው ጫማ አለ። በአዲስ ጫማ ዩኒቨርሲቲ ይገባል።

ሐረግወይን ስትመጣ ደብተሯን ተቀብዬ አየሁ። አንድ ስምንተኛ ይላል። በቀይ አስምራበታለች፣ አሳምራ።